የጡት ማሳነስ ቀዶ ሕክምናና ኢንሹራንስ፦ የአንዲት እህት ጉዳይ ከእምቢታ እስከ ክፍያ

ይህ አሜሪካ ውስጥ የምትኖር የአንዲት ኢትዮጵያዊት ጉዳይ ነው። ዕድሜዋ በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ሰው ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ታጥባለች። ኢንሹራንሷን ያገኘችው በመሥሪያ ቤቷ በኩል ነው። ከመጀመሪያው የእምቢታ ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ቢል (የክፍያ መጠየቂያ) ድረስ ወረቀቶቿን አብሬያት አንብቤያለሁ። እንዲጻፍ የፈቀደችው እሷ ናት። ስሟን፣ ከተማዋንና የኢንሹራንስ ድርጅቷን ሆን ብዬ ትቻለሁ።

እንድጽፈው የገፋፋኝ ነገር አለ። ብዙ እህቶቻችን ይህን ሕክምና እንደ ቅንጦት ያዩታል። "እሱማ ለውበት ነው፣ ማን ይከፍልልሻል?" ይባላሉ፤ ነገሩ እዚያው ይቀራል። የጠየቁትም አንዴ እምቢ ሲባሉ ይተዉታል። የእሷ ፋይል ሲገለጥ ግን እምቢ ያሰኟት ነገሮች ሁሉ የሚስተካከሉ ሆነው ተገኙ። ሕመሟን የካደ ሰው አልነበረም። ሕመሟ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ሕመሙና ዝምታው

ጡቷ ከወጣትነቷ ጀምሮ ትልቅ ነበር። ከሁለተኛ ልጇ በኋላ ደግሞ ጨመረ። የጡት መያዣው ማንገቻ ትከሻዋን ቆርጦ ጉድጓድ ሠርቷል። ማታ ስታወልቀውም ጉድጓዱ አይጠፋም። አንገቷንና የላይኛውን ጀርባዋን ያማታል። ሙቀት ሲመጣ ከጡቷ ሥር ያለው ቆዳ ይላጣል፣ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ይደማል። የትንሿ ጣቷና የቀለበት ጣቷ ይደነዝዛሉ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ከጡት ጋር አያገናኘውም። ክብደቱ ትከሻን ወደ ታች ሲጎትት ግን ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች ሊጨነቁ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ለዓመታት ለሐኪም አልተናገረችም። ሐኪሟ ወንድ ነበር፤ አፈረች። ለደም ግፊቷ ትሄዳለች፣ መድኃኒቷን ትቀበላለች፣ ሌላ የሚያምሽ ነገር አለ ወይ ስትባል የለም ትላለች። ማታ ቤቷ ገብታ የሕመም ማስታገሻ ትውጣለች።

ይህ ዝምታ ከባድ ዋጋ አለው። የኢንሹራንስ ገምጋሚ ሴትየዋን አያያትም። የሚያየው የሐኪሞቿን ማስታወሻ ነው። የእሷ የዓመታት ማስታወሻ ደግሞ አንገቷን፣ ትከሻዋንና ቆዳዋን የማያማት ሴት ማስታወሻ ነበር። እንዲህ ዓይነት ፋይል ይዞ ድንገት ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ መጠየቅ ማለት ከዜሮ መጀመር ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው ወደ ሴት ሐኪም ስትዞር ነው። አዲሷ ሐኪም ትከሻዋን አየች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀቻት። ከዚያ ሁሉንም መዘገበች፦ አንገት፣ ጀርባ፣ የትከሻ ጉድጓድ፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የጣት መደንዘዝ፣ በሥራ ላይ የሚያስከትለውን ችግር ጭምር። በኔ እምነት የዚህ ጉዳይ ትልቁ ቀን ያ ነው። ሰርጀኑ (ቀዶ ሐኪሙ) ጋ ከመሄዷ ብዙ ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ኢንሹራንሱ የሚጠይቀው

ድርጅቶቹ ይለያያሉ፤ የሚጠይቁት ነገር ግን ይመሳሰላል። ሕመሙ በሕክምና ማስታወሻ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ተደጋግሞ መታየት አለበት። ቀዶ ሕክምና ያልሆነ መፍትሔ ተሞክሮ አለመሥራቱ መጻፍ አለበት፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠየቃል። ፊዚካል ቴራፒ (በባለሙያ የሚመራ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና)፣ ደህና ድጋፍ ያለው ጡት መያዣ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ለሽፍታው ደግሞ በሐኪም የታዘዘ ቅባት ከዚህ ይገባሉ። ከፊትና ከጎን የተነሳ ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶው ፊትን አያሳይም። ዕድሜዋ 40 ለሞላ ሴት የቅርብ ጊዜ ማሞግራምም (የጡት ራጅ) ይጠየቃል። በመጨረሻ ግራም ይመጣል፤ ከጡት የሚወጣው ሥጋ ክብደት ማለት ነው።

እሷ ፊዚካል ቴራፒውን 3 ወር ያህል ተከታተለች። ቴራፒስቷ በየቀጠሮው ጻፈች። ለቆዳዋ ሐኪም ጋ የሄደችው ሽፍታው ወጥቶ ሳለ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ቀጠሮው በደረሰ ጊዜ ሽፍታው ከዳነ ሐኪሙ የሚጽፈው ነገር የለውም። እሷ ሽፍታው ሲብስ ደውላ የቅርብ ቀጠሮ ለመነች። ማግኘት ባትችል እንኳ በስልኳ ፎቶ አንስታ ቀኑ እንዲታይ አድርጋ ማስቀመጥ ትችል ነበር።

ሐኪሟ ክብደት እንድትቀንስም መክራታለች። ከ84 ኪሎ ወደ 73 ወረደች። ጡቷ ግን ብዙም አልተለወጠም። ጡት ውስጥ ስብም እጢም አለ፤ መጠናቸው ከሴት ሴት ይለያያል። ስለዚህ 11 ኪሎ የቀነሰች ሴት ጡቷ ሳይቀንስ ሊቀር ይችላል። ይህ የክብደት ለውጥ በኋላ ጉዳዩን ሊገድለው ነበር፤ መልሶም ያዳነው እሱ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ወራት የሚፈጀውን ይህን "መጀመሪያ ሌላውን ሞክሪ" የሚል ቅድመ ሁኔታ አልደግፈውም። የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ባወጣው የሕክምና መመሪያ፣ ብዙ ምልክት ላለባት ሴት ቀዶ ሕክምናው ከሌሎቹ አማራጮች ቀድሞ እንዲቀርብላት ይመክራል። መለኪያውም የሚወጣው ክብደት ሳይሆን ምልክቶቿ እንዲሆኑ ይላል። ፊዚካል ቴራፒ ጡንቻን ያጠነክራል፣ ጡትን ግን አያቀልም። ሆኖም ገንዘቡ ያለው ኢንሹራንሱ እጅ ነው። ስለዚህ የጠየቀውን ሁሉ አደረገች።

ግራሙ

ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ሰንጠረዥ ሽኑር ስኬል ይባላል። ፖል ሽኑር የተባለ ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1991 ያወጣው ነው። ቀዶ ሐኪሞች ስለ ታካሚዎቻቸው ከሰጡት መረጃ ተነስተው፣ ከሰውነቷ ስፋት አንጻር ምን ያህል ግራም የወጣላት ሴት ለሕክምና ብላ፣ ምን ያህል የወጣላትስ ለመልክ ብላ እንደመጣች ለመለየት ሞከሩ። ኢንሹራንሶች ይህን ወስደው የመግቢያ በር አደረጉት። ሰንጠረዡን ትተው ለሁሉም ሴት ከእያንዳንዱ ጡት 500 ግራም የሚጠይቁም አሉ። ያ ደግሞ ለቀጫጫ ሴት ጨርሶ የማይደረስበት ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁመት በሴንቲ ሜትርና ክብደት በኪሎ ይባዛሉ፣ ለ3600 ይካፈላሉ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት (ካሬ ሥር) ይወሰዳል። የሚወጣው የሰውነት ስፋት ነው፣ በካሬ ሜትር። ለ1.70 ዝቅተኛው 370 ግራም ነው፣ ለ1.80 ደግሞ 441። 1.90 ላይ 527፣ 2.00 ላይ 628 ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች ከእያንዳንዱ ጡት የሚወጡ ናቸው። ሰውነት ሲሰፋ የሚጠየቀው ግራም እንዴት እንደሚሮጥ ተመልከቱ። ጥቂት ኪሎ ልዩነት ከበሩ ውጭ ያስቀራል።

የእሷ ቁመት 160 ሴንቲ ሜትር ነው። ሰርጀኑ ከእያንዳንዱ ጡት ወደ 475 ግራም እንደሚወጣ ገመተ። ጥያቄው 19318 በሚለው የሕክምና ኮድ ተላከ። የጡት ማሳነስ ኮድ እሱ ነው።

እምቢታው

መልሱ አልቆየም። ሕክምናው "በሕክምና ረገድ አስፈላጊ አይደለም" ይላል። ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጦታል። የሚወጣው ክብደት ለሰውነቷ ስፋት ከሚጠየቀው በታች ነው። ቀዶ ሕክምና ያልሆኑ መፍትሔዎችን ለ3 ወር መሞከሯም አልተረጋገጠም።

የመጀመሪያዋን መስመር አንብባ ደብዳቤውን አጠፈችው። በዓይኗ ያየችውን ሕመም "አስፈላጊ አይደለም" ሲሏት እንደ ስድብ ነው የሰማችው። እኔም ብሆን እንደዚያው። ግን እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ መነበብ ያለበት ከታች ወደ ላይ ነው። ታች ላይ ዋናው ነገር አለ፦ የትኛውን መመሪያ ተጠቅመው እንደወሰኑ፣ ይግባኝ በስንት ቀን እንደሚገባ፣ የት እንደሚላክ። ይግባኝ ለማስገባት ሕጉ የሚሰጣት ጊዜ 180 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሰርጀኑ ራሱ ለድርጅቱ ሐኪም ደውሎ ሐኪም ለሐኪም ተነጋገሩ። ወዲያኛው ሐኪም ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከማንበብ አላለፈም። አልተቀየረም።

ፋይሉ ውስጥ የተገኘው

እምቢ የተባለ ሰው ድርጅቱ ውሳኔውን የሰጠበትን ሙሉ ፋይል በነጻ የማግኘት መብት አለው። ይህን መብት የሚጠቀም ሰው ጥቂት ነው። በስልክ ሲጠየቅ አንዴ ከወዲያ አንዴ ከወዲህ ያመላልሳሉ፤ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። እሷ በጽሑፍ ጠየቀች። ስትደውልም አስተርጓሚ ጠይቃለች፤ ለዚህ አይከፈልም። እንግሊዝኛዋ ለሥራዋ ይበቃል። የኢንሹራንስ እንግሊዝኛ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገውንም ያደናግራል።

ፋይሉ መጣ። ገምጋሚው የሰውነት ስፋቷን 1.93 ብሎ አስልቶታል። ከየት አመጣው? ከ84 ኪሎ። ከጥያቄው ጋር የተያያዘው የድሮ ማስታወሻ ላይ ያለው ክብደት እሱ ነበር። በ1.93 የሚጠየቀው ከ527 ግራም በላይ ነው፤ 475 አይደርስም። ሰርጀኑ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ግን 73 ኪሎ ተብሎ በግልጽ ተቀምጧል። ሁለት ክብደት በአንድ ፋይል ውስጥ አለ። ገምጋሚው አሮጌውን ወሰደ። በ73 ኪሎ ሲሰላ 1.80 ይመጣል፤ የሚጠየቀው 441 ነው። 475 ያልፋል።

ሁለተኛውም ምክንያት እንደዚሁ ነበር። የፊዚካል ቴራፒው ማስታወሻ ሲላክ የሄደው የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ብቻ ነው። ቀሪዎቹ ገጾች አልሄዱም። የቆዳ ሐኪሙ ወረቀት ጭራሽ አልተላከም፤ ሌላ ክሊኒክ ስለሆነ የሰርጀኑ ቢሮ አላየውም። 3 ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ የተመላለሰችበት ሕክምና ለገምጋሚው አንድ ቀን ብቻ የታየችበት ነበር።

በዚህ ተናድጃለሁ። ሐሰት የጻፈ ሰው የለም፤ ሁሉም ሥራቸውን የሠሩ ሰዎች ናቸው። ግን አንድ ወረቀት ስላልተላከና አንድ ቁጥር ከተሳሳተ ገጽ ስለተነሳ አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ልትሸከም ነበር። ፋይሉን ባታስመጣ ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም።

ይግባኙ

የይግባኝ ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው። ልመናም ቁጣም የለበትም። የተጻፈው የድርጅቱን የራሱን መመሪያ ጎን አስቀምጦ ነው። ይህ መመሪያ ብዙ ጊዜ ድረ ገጻቸው ላይ ይገኛል፤ በእምቢታው ደብዳቤ ላይ ስሙና ቁጥሩ ይጠቀሳል። መመሪያው በጠየቀበት ቅደም ተከተል መልሱ ተቀመጠ፣ ማስረጃው የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ተጠቆመ። ክሊኒክ ሄዳ ቁመቷና ክብደቷ እንደገና ተለካ። ስሌቱ ደብዳቤው ላይ ተጻፈ። የሰንጠረዡ መስመር ተጠቀሰ። የ84 ኪሎው ማስታወሻ የድሮ መሆኑም በቀኑ ተገለጸ።

የፊዚካል ቴራፒው ሙሉ ማስታወሻ ከመዝጊያው ሪፖርት ጋር ገባ። ሪፖርቱ ሕመሙ ከቀጠሮ በኋላ ቀለል እንደሚልና ሥራ ስትገባ እንደሚመለስ ይናገራል። የቆዳ ሐኪሙም ጻፈ። የሴት ሐኪሟ ደብዳቤ ላይ ጎልቶ የወጣው ክብደት ከቀነሰች በኋላም ሕመሙ እንዳለ መቀጠሉ ነው።

የራሷም ደብዳቤ ነበረበት። መጀመሪያ "በጣም ያመኛል፣ እባካችሁ ተባበሩኝ" ብላ ነበር የጻፈችው። ልክ ነው፣ ግን ገምጋሚው ሁሉም እንደዚያ ይለዋል። ቁጭ ብላ እንደገና አወራችው፣ እኔ ጻፍኩ። "አንዲት አሮጊት ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዛውር ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ሴትዮዋን እንዳልጥላት ስለምፈራ ሁልጊዜ ሰው እጠራለሁ።" ይህ ቃል በቃል ገባ። ከሁሉም ወረቀት ይልቅ እኔን የነካኝ ይህ ነው።

አንድ ያላደረግነው ነገር አለ። ዘመዶቿ "ሰርጀኑ ለምን 600 ብሎ አይጽፍላትም?" አሉ። በደግነት ነው ያሉት። ሰርጀኑ ግን አልፈቀደም፤ ትክክል ነው። የሚወጣው ሥጋ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ይመዘናል፣ ከዚያም ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ) ይሄዳል። ኢንሹራንሱ ያንን ሪፖርት መጠየቅ ይችላል። የተጋነነ ግምት ከፈቃዱ በኋላ ክፍያ ሊያስከለክል ይችላል።

ገና ላልተደረገ ሕክምና ድርጅቱ ለይግባኙ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሰጠ። ተፈቀደ።

ባይፈቀድስ? በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ከድርጅቱ ውጭ ያለ ገለልተኛ ገምጋሚ ጉዳዩን እንዲያይ መብት ይሰጣል። ጥያቄው ከመጨረሻው እምቢታ በኋላ በ4 ወር ውስጥ ይገባል። ውሳኔው ብዙውን ጊዜ በ45 ቀን ውስጥ ይመጣል፤ ድርጅቱም የመቀበል ግዴታ አለበት። ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ነገር አለ። አንዳንድ የኢንሹራንስ ውሎች የጡት ማሳነስን ከነጭራሹ አይሸፍኑም ብለው ያስቀምጣሉ። እንዲህ ከሆነ የሕመም ማስረጃ ቢቆለልም ይግባኙ የትም አይደርስም። የውሉን ሙሉ ሰነድ ከመሥሪያ ቤት ጠይቆ ማየት ነው። የሕክምናውን ወጪ በኢንሹራንስ ድርጅቱ ፋንታ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚከፍልበት ፕላን ከሆነ ደግሞ አሠሪውን ማናገር ይሻላል፤ ምን እንደሚሸፈን የሚወስነው እሱ ነው።

ከፈቃዱ በኋላ

ፈቃዱ የመጣው መከር ላይ ነው። ቀኑን ሳትመርጥ አንድ ነገር አስተዋለች። የዓመቱ ዲዳክቲብሏን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪሷ የምትከፍለውን፣ ከሞላ ጎደል ከፍላ ጨርሳለች። ቀዶ ሕክምናው ወደ ጥር (ጃንዋሪ) ከተሻገረ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ዓመቱ ሳያልቅ እንዲደረግ ተከራከረች፣ ተሳካላት። ፈቃዱ ራሱም የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቀኑ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል።

ሰርጀኑም ሆስፒታሉም ኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ከኢንሹራንሷ ጋር ውል ያላቸው መሆናቸውን አረጋገጠች። ማደንዘዣ ሰጪው ኔትወርክ ውስጥ ባይሆንስ የሚል ፍርሃት ነበራት። ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ሕግ ኔትወርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል እንዲህ ዓይነት ድንገተኛ ቢል እንዳይላክ ይከለክላል። ከሥራ የምትቀርበትን ጊዜ በተመለከተ በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ረድቷታል። 50 ሰውና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ ዘንድ ቢያንስ አንድ ዓመት ለሠራ፣ ባለፉት 12 ወራትም 1250 ሰዓት ላስቆጠረ ሰው እስከ 12 ሳምንት ሥራው ይጠበቅለታል። ደመወዝ ግን አይከፈልበትም። ሰው የምታነሳ ሴት ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳታነሳ ስለምትባል ይህ ቅድሚያ መታሰብ ያለበት ነው።

ለሰርጀኑ ጆሮዋ ሲበሳ ያበጠ ጠባሳ ወጥቶባት እንደነበር ነገረችው። ጥቁር ቆዳ ላይ እንዲህ ያለው ጠባሳ በብዛት ስለሚታይ ክትትሉ ገና ከመጀመሪያው ታቀደ። ጡት ጫፍ ላይ ስሜት ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ እንደሚችል፣ ከዚህ በኋላ ብትወልድ ማጥባት ሊያስቸግራት እንደሚችልም ተነግሯታል። አውቃ ነው የፈረመችው።

ከቀኝ 462 ግራም፣ ከግራ 449 ግራም ወጣ። ድርጅቱ የፓቶሎጂ ሪፖርቱን ጠየቀ። ያ ሪፖርት እስኪደርስ ክፍያው ቆየ። በግራ በኩል ከወሰኑ የተረፈው 8 ግራም ነው። ይህን ቁጥር ሳይ ደነገጥኩ። 9 ግራም ቢጎድል ትከሻዋ አያማትም ነበር ማለት ነው? የአንድን ሰው ሕመም በዚህ ሚዛን መለካት ልክ አይደለም። ሰንጠረዡን የሙጥኝ ያሉ ድርጅቶች ይህን ሊመልሱ ይገባል።

ክፍያው ጸደቀ። አሁን አንገቷን አያማትም ማለት ይቻላል። ጣቶቿ መደንዘዝ ትተዋል። ሽፍታው ሙቀት መጥቶም አልተመለሰም። የትከሻዋ ጉድጓድ ጎድጉዶ ባይታይም አሻራው አለ። የግራ ጡቷ ጫፍ ስሜት አልተመለሰም፤ ይመለስ አይመለስ አልታወቀም። ጠባሳዋን ሐኪሙ እየተከታተለላት ነው።

ከራሷ የሚጠበቀው ድርሻ ግን ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ሆስፒታሉ ለትርፍ የማይሠራ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ታካሚ የእርዳታ አሠራር እንዲኖራቸው በሕግ ይገደዳሉ። ኢንሹራንስ ያላት ሰውም ማመልከት ትችላለች። የደመወዝ ማስረጃዋን አያይዛ አመለከተች። ከፊሉ ተነሳላት፣ የቀረውን በየወሩ እየከፈለች ነው።